የእናቴ ከል

ዝናብ ያራሰው ጥቁር ጭቃ በሸተተኝ ቁጥር እናቴ ለአባቴ ኀዘን ቀሚሷን በጭቃ ነክራ ከል ያደረገችበት ማሰሮ ዛሬም ድረስ ትዝ ይለኛል።

ጊዜው ጣሊያን ደብረ ታቦርን የያዘበት ነበር። ሰፈራችን ከገበያው በታች ያለው የሸማኔዎች ሰፈር ሲሆን፣ አባቴም ቀኑን ሙሉ ሲሸምን ውሎ ማታ የጥጥ ብናኝ ከጢሙ እያራገፈ ይነሣ ነበር። በነሐሴ መጨረሻ ታሞ ሞተ። እናቴ እንደ አገሩ ወግ ጠጉሯን ተላጭታ፣ ፊቷን ነጭታ፣ ከል ለብሳ መሬት ተቀመጠች፤ አርባው እስኪወጣ ገላዋን አትታጠብም፣ ቤቱም አይለቀለቅም ነበር።

መስከረም ሲጠባ አንድ ጣሊያን ካሜራ አንግቶ ከአስተርጓሚው ጋር መጣና በራችን ላይ አቁሞ ፎቶ አነሳን። እናቴ ለቅሶ ሊደርስ የመጣ መስሏት ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች፤ እኔ ሞኟ ደግሞ አንገቴን አስግጌ ቆምሁ።

በሳምንቱ ፎቶው ገበያው ዳር ባለው የጣሊያኖች ቢሮ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አገኘነው። ራሴን በማየቴ ደስ ብሎኝ ስስቅ፣ አስተርጓሚው ከሥሩ የተጻፈውን ነገረን።

«የዚህ ሰፈር ሰዎች በቆሻሻ ነው የሚኖሩ፣ በሽታ ያመጣሉ ይላል። ወሩ ሳያልቅ ቤት ለቤት አይተው የቆሸሸውን ያፈርሱታል።»

«ኧረ ቆሻሻ አደለም፣ ኀዘን ነው በላቸው!» አለች እናቴ።

«ብያቸው ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ።

ከዚያ ወዲያ የመኪና ድምፅ በሰማን ቁጥር እናቴ ታናሽ ወንድሜን አንሥታ ታቅፍ ነበር። የሚመጡበት ቀን ሲነገር ነፍስ አባታችንን አማከረቻቸው።

«አባ፣ አርባው ሳይወጣ ነጭ ብለብስ ሰው ምን ይለኛል?»

«ያለውን ይበል። እነዚህን ልጆች የት ልታስጠጊያቸው ነው?» አሉ።

እናቴ እያለቀሰች ቤቱን ለቀለቀች፤ ታጠበችና አባቴ ለጥምቀት ብሎ የሸመነላትን ነጭ ቀሚስ ለብሳ በሩ ላይ ቆመች። ያው ፎቶ ያነሳን ጣሊያን መጣና አያት፤ ካሜራው አንገቱ ላይ ነበር፣ ግን ሳያነሳት አልፎ ሄደ። ከጎናችን ሁለት ቤቶች ፈረሱ፣ የኛው ተረፈ። ፎቶው ግን ከግድግዳው አልወረደም፤ የላይ ሰፈር ሴቶችም «ባሏን አርባ ቀን እንኳ አላዘነችለት» እያሉ እስክትሞት ድረስ አሟት።

አሁን አርጅቼ፣ እግሬን ዘርግቼ ቴሌቪዥን አያለሁ። የድሃ ሰፈር ሲያሳዩ ያደፈች ሴት በሯ ላይ ቆማ ትታያለች፤ ተናጋሪው ስለ ቆሻሻውና ሰፈሩ ስለሚፈርስበት ቀን ያወራል። የልጅ ልጆቼ «እንዴት እንዲህ ይኖራሉ?» ይላሉ። እኔ ግን አንዱ እንኳ ማን ሞቶብሽ ነው ብሎ ይጠይቃት እንደሆነ እጠብቃለሁ፤ እስካሁን የጠየቀ አልሰማሁም።