የቡልቡላው ጋያ

ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ድረስ ትምባሆን በምላሱ ለይቶ የሚያውቅ ከእኔ በላይ ሰው አልተፈጠረም። አንድ ጊዜ ሳብ አድርጌ የበቀለበትን ማሳ፣ የተለቀመበትን ሰዓት፣ ካስፈለገም የለቀመችውን ሴትዮ ዕድሜ እናገር ነበር። የዝዋይ ዳሩ ቅጠል ዓሣ ዓሣ ይላል። የመቂው ከሽንኩርት ጋር ጉርብትና ስላለው ዓይን ያስለቅሳል። የአዳሚ ቱሉው ደግሞ ከእርሻ ምርምር ጣቢያው አጥር ሥር የሚበቅል የተማረ ትምባሆ ነው፤ ጭሱ እንኳ ከፒፓው የሚወጣው ተሰልፎ ነው።

ይህን ሁሉ የምናገረው በደርግ ጊዜ፣ ናዝሬት፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙ በማይርቅ የአንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነበር። የሚያምኑኝ ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ልብስ ሰፊው ራሱ ነው፤ የወሎ ሰው፣ ፒፓና መርፌ በአንድ አፉ ይዞ ከደንበኛ ጋር የሚጨቃጨቅ። ሌላው ጡረታ የወጡ የባቡር ሰው ናቸው። ጣቢያ ሹም በነበሩበት ዘመን በፈረንሳይኛ የወጣላቸው ስም አብሯቸው ጡረታ አልወጣምና ሁላችንም ሼፍ እንላቸዋለን። የባቡር ፊሽካ በሰሙ ቁጥር የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው ያያሉ፤ ከዚያ አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ባቡሩ በሰዓቱ የደረሰበትን ቀን አላስታውስም፤ እሳቸውም ያልተናደዱበትን ቀን አላስታውስም።

እኔ ሹፌር ነበርኩ። በአንድ አሮጌ ፊያት የመቂን ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ናዝሬት አመላልሳለሁ። መኪናው ዳገት ላይ ሲደርስ እንደ እኔው ያስላል።

የትምባሆ ዕውቀቴ እንዴት እንደ ጀመረ ልንገራችሁ። አንድ ቀን ሼፉ ፒፓቸውን ሞልተው «እስቲ ይችን ቅመሳት» ብለው ሰጡኝ። እኔ እስከዚያ ቀን ከሲጋራ ያለፈ አላውቅም፤ እሱንም ቢሆን የምይዘው ለወግ ነው። ሳብኩ። ጭሱ ጉሮሮዬ ላይ ሲደርስ ሳል መጣ፤ በትልቅ ሰው ፊት አልስልም ብዬ ዋጥኩት። ትንፋሼ ጠፋ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ። ሼፉ ልብስ ሰፊውን በክርናቸው ጎሸም አደረጉትና፣

«አየኸው? ገባው!» አሉ።

«ወላሂ ገባው! እኔ እዚህ ለመድረስ ስንት ዓመት ፈጅቶብኛል» አለ ልብስ ሰፊው።

እንግዲህ ሰው በግድ አዋቂ ካደረገኝ እኔ ምን ላድርግ? ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ዘዴ ያዝኩ። ጭሱን ጉንጬ ውስጥ ብቻ እይዛለሁ፣ አንድ ጊዜ ወደ ቀኝ አንድ ጊዜ ወደ ግራ አንከባልለዋለሁ፣ አንድ ዓይኔን እጨፍናለሁ፣ ከዚያ በቀስታ እለቀዋለሁ። ወደ ሳንባዬ አንድ ጠብታ አላሳልፍም። ቀጥሎ አፌ ያመጣልኝን እናገራለሁ። «ይሄ ቅጠል ዝናብ ሳያገኘው ነው የተለቀመው» ስል ሁለቱም ዝም ብለው ይሰሙኛል። ዝናብ አግኝቶት ቢሆንስ ማን ያውቃል?

በዚያ ዘመን ከውጭ የሚመጣው የቆርቆሮ ትምባሆ ከሱቅ ጠፍቶ ነበር። ስለዚህ የራሳችንን ቅልቅል መሥራት ጀመርን። እኔ ከየመንገዱ ቅጠል አመጣለሁ፤ ልብስ ሰፊው በመቀሱ እንደ ጎመን ይከትፈዋል፤ ሼፉ ያሸታሉ። አንዱን በማር አሸነው። አንዱን በብርቱካን ልጣጭ አፈንነው። ሦስተኛውን፣ ጥቁሩን ቅጠል፣ በአረቄ ነክረን ቅርንፉድ ጨምረንበት ከልብስ ሰፊው ካውያ ሥር ተጭኖ እንዲውል አደረግነው። ሲወጣ እንደ ጫማ ሶል ደርቋል። ልብስ ሰፊው ቀመሰውና ለጥቂት ጊዜ ግድግዳውን ተደግፎ ቆየ፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይሄንስ ‹እርምጃ› ነው የምንለው» አለ። ድምፁን ዝቅ ያደረገው ትምባሆው አድክሞት ብቻ አልነበረም፤ በዚያን ጊዜ ያ ቃል በቀልድ ጮክ ተብሎ አይጠራም።

ያን ዓመት የሼፉ ባለቤት ዐረፉ። ከሰዓት በኋላ ፒፓቸውን ሞልተው በእጃቸው የሚሰጧቸው እሳቸው ነበሩ። ከሐዘኑ በኋላ ሼፉ ከቤት የሚወጡት ለዚያች በረንዳ ብቻ ሆነ፤ ወደ በረንዳዋ የምታመጣቸውም ፒፓዋ ናት። እሷን ሲያጨሱ ስለ ባቡር ያወራሉ፣ ይናደዳሉ፣ አንዳንድ ቀን ልብስ ሰፊው ያስመጣውን ፉል ሁለት ጉርሻ ይቀምሳሉ። ከዚያ የመቂው ቅጠል ያስላቸው ጀመር። ማር ብንጨምርበትም አልተሻላቸውም። አንድ ቀን ሳይመጡ ቀሩ። በማግሥቱም ቀሩ።

ልብስ ሰፊው ስፌቱን አቁሞ አየኝ።

«አንተ ሹፌር፣ ቤታቸው ሄጄ ነበር። መስኮቱን እንኳ አልከፈቱም። ‹የሚጨስ ከሌለ በረንዳ ላይ ምን አደርጋለሁ?› አሉኝ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እሱን ምላስህን ጠይቀው እንጂ! የማያስል ትምባሆ የት አለ?»

ምላሴ አያውቅም፤ የሹፌሮች ወሬ ግን ያውቃል። ቡልቡላ ወንዙ ዳር አንድ የአርሲ ሽማግሌ አሉ ይባላል፤ ቅጠላቸው ኃይለኛ ነው፣ ግን እንደ ቅቤ ለስላሳ። ችግሩ ለነጋዴ አይሸጡም። አንድ ጊዜ አንድ ነጋዴ ቅጠላቸውን ከፓፓያ ቅጠል ጋር ቀላቅሎ በእሳቸው ስም ሸጦባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው ሁሉ አብሯቸው ተቀምጦ አንድ ጋያ ማጨስ አለበት። ካጨሰ ይሰጡታል፤ ካላጨሰ አካም ብሎ እንደ መጣ ፈያ ብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል።

«ይሄማ ለአንተ ቀላል ነው» አለ ልብስ ሰፊው።

«ቁርስ ነው!» አልኩት። ምን ልበል?

በሳምንቱ ሽንኩርቴን መቂ ጭኜ፣ ረዳቴን እዚያው ለቀረው ጭነት ትቼ፣ ወደ ሰሜን መዞር ሲገባኝ ወደ ደቡብ ነዳሁ። ሽማግሌውን ግቢያቸው ውስጥ አንድ ግራር ሥር አገኘኋቸው። ሽርጥ አሸርጠዋል፣ አጠገባቸው ቅጠሉ በገመድ ላይ ተሰጥቷል። ባለቤታቸው ትንሽ ራቅ ብለው ጎመን ያጥባሉ።

«ነጋዴ ነህ?» አሉኝ፣ ሰላምታው ሳያልቅ።

«ሹፌር ነኝ፣ አባቴ።»

«ታጨሳለህ?»

«ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ቢጠይቁ...»

«እሱን አልጠየቅሁህም። ታጨሳለህ?»

«አጨሳለሁ።»

ጋያውን አመጡ። ላላየው ሰው፣ ጋያ ማለት ሆዱ ቅል የሆነ ትልቅ ፒፓ ነው፤ ቅሉ ውስጥ ውኃ አለ፣ አናቱ ላይ ትምባሆና ፍም የሚቀመጥበት የሸክላ ጽዋ አለ፣ ከጎኑ ደግሞ የሚሳብበት ሸምበቆ ይወጣል። እኔ የለመድኩትን አደረግሁ፤ ጉንጬን ነፋሁ፣ አንድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደ ቅሉ ጠጋ አደረጉ።

«አልጮኸም» አሉ።

ለካ ጋያ በጉንጭ አይታለልም። ከሆድ ካልሳቡት ውኃው አይንቦጫረቅም፤ ውኃው ካልተንቦጫረቀ ጭስ የለም። ሽማግሌው የሚያጨሰውን ሰው የሚለዩት በዓይናቸው ሳይሆን በጆሯቸው ነው። የሼፉ የተዘጋ መስኮት ትዝ አለኝ። አምላኬን ጠርቼ ከእግሬ ጥፍር ጀምሬ ሳብኩ።

ቅሉ እንደ አዋሽ ፏፏቴ ጮኸ።

የሆነውን ልክ እንደ ሆነ ልናገር፤ አንዲት ቃል አላጋንንም። መጀመሪያ ጆሮዬ ተነሥቶ ሄደ። ቀጥሎ የአቢጃታ ሐይቅ ወፎች በሙሉ፣ እነዚያ ሮዞቹ፣ አናቴ ውስጥ አረፉ። ግራሩ ሥሩን ወደ ላይ አድርጎ ቆመ። በዚህ መሐል ሽማግሌው ፊቴን አይተው እጃቸውን አነሡና፣

«ጋኣ! ጋኣ!» አሉ።

እኔ ኦሮምኛ እችላለሁ ብዬ የማምን ሰው ነኝ። ሰላምታ እችላለሁ፣ የሽንኩርት ዋጋ እችላለሁ። ስለዚህ በሚገባ ሰማኋቸው። «ጋያ! ጋያ!» ነው ያሉት፤ አይዞህ፣ ጋያውን ቀጥልበት ማለታቸው ነው። ክብር ተሰማኝ። ደግሜ ሳብኩ።

«ጋኣ! ያ ጉርባ፣ ጋኣ!» አንተ ልጅ ማለታቸው ነው።

«ኤዬ፣ እሺ አባቴ፣ ጋያ!» ብዬ ለሦስተኛ ጊዜ ሳብኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን የግቢው ሰው እንጂ እኔ አላውቀውም።

ስነቃ ግራሩ ወደ ቦታው ተመልሷል። ጀርባዬ ሥር ቁርበት አለ። የሽማግሌው ባለቤት፣ እናቲቱ፣ ወተት በዋንጫ ይዘው ራሴን ቀና አድርገው ያዙኝ። ከወገቤ በታች የሽማግሌው ሽርጥ ነው ያለብኝ፤ ሱሪዬ ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል።

«ለምን አላቆምክም?» አሉኝ ሽማግሌው።

«አቁም አሉኝ እንዴ?»

«ሦስት ጊዜ! ጋኣ አላልኩህም? ይበቃል አላልኩህም?»

«ጋያ ያሉኝ መስሎኝ ነው፣ አባቴ።»

ጋያውን አዩ፣ እኔን አዩ። ከዚያ ለባለቤታቸው በኦሮምኛ ነገሯቸው። እናቲቱ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው ራሳቸው ሳቁ፣ ሳቁ፣ ዱላቸው ላይ ተደግፈው እንደገና ሳቁ። ሲደክማቸው ዓይናቸውን ጠረጉና፣

«አንተ አታጨስም» አሉ።

«አላጨስም።»

«ነጋዴም አይደለህም። ነጋዴ አንዴ ስቦ ይሸሻል እንጂ እንዲህ አይሆንም። ለማን ብለህ ነው?»

ነገርኳቸው። ስለ ሼፉ፣ ስለ ባለቤታቸው፣ ስለ መስኮቱ። ስጨርስ ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ታዲያ መጀመሪያ ይሄን አትለኝም ነበር? ሽማግሌ ለሽማግሌ ትምባሆ ይከለክላል?»

የሼፉ ፒፓ ትንሽ ናት ወይስ ትልቅ ብለው ጠየቁኝ። ከገመዱ ላይ ከላይ ያለውን ጠቆር ያለ ቅጠል ትተው ከታች ያለውን ቡናማውን መረጡ። አንዱን መዳፌ ላይ አድርገው አሹት፤ «በአፍህ አይደለም፣ በአፍንጫህ ነው የምታውቀው» አሉኝ። አሸተትኩ። የደረቀ ሣርና የማር ሰፈፍ ሸተተኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ትምባሆ እውነተኛ ነገር ያወቅሁት ያኔ ነው። በለውጡ፣ በሚቀጥለው ጉዞዬ አንድ ኬሻ የመቂ ሽንኩርት እንዳመጣላቸው ተስማማን።

ሱሪው አልደረቀም። ፀሐዩ ሽንኩርቴን ሳያበላሽ መድረስ አለብኝ። ስለዚህ ሽርጤን እንዳሸረጥኩ መሪ ጨበጥኩ። ኬላው ላይ ፈታሹ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ እግሬን አየ፤ ጭነቱን ለመፈተሽ አቅም አጣ። እየሳቀ «እለፍ፣ እለፍ!» አለኝ። ያለ ፈቃድ የማያልፈው ቅጠል ከሽንኩርቱ ሥር በሰላም አለፈ።

ናዝሬት ስደርስ ልብስ ሰፊው ሼፉን በግድ ከቤት አውጥቶ በረንዳው ላይ አስቀምጧቸዋል። ከመኪናው ስወርድ ሁለቱም ቅጠሉን ረስተው ሽርጡን አዩ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ሼፉ።

«ሽማግሌው ናቸው ያሸረጡኝ። እንደ እኔ አድርጎ ያጨሰ ሰው አይተው አያውቁም።»

አንዲት ቃል አልዋሸሁም።

«ያ አላህ!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ጨርቁን በሁለት ጣቱ እየዳሰሰ። «ስንት ጋያ አጨስክ?»

«እሱን ተወው። ቁጥሩ አይጠቅምም።»

ቅጠሉን ከተፍነው። ሼፉ በራሳቸው እጅ ፒፓቸውን ሞሉ፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንዲያ በጥንቃቄ ሲሞሉ አላየሁም። አንዴ ሳቡ። አላሳላቸውም። ደግመው ሳቡ። ከጣቢያው ፊሽካ ተሰማ፤ ሰዓታቸውን አውጥተው አዩ።

«ሃያ ደቂቃ!» አሉ በንዴት። «በእኔ ጊዜ ሃያ ደቂቃ ቢዘገይ ማን ይለቀኝ ነበር?» ከዚያ ወደ ልብስ ሰፊው ዞረው፣ «ፉል የለም እንዴ ዛሬ?»

ልብስ ሰፊው እኔን አየኝ። እኔ እሱን አየሁት። ፉል ሊያመጣ ሮጠ።

የሽርጡ ወሬ ግን እዚያ አላበቃም። በወሩ ልብስ ሰፊው ለሼፉ አንድ ሽርጥ ገዝቶ ዳር ዳሩን ሰፋላቸው፤ ለራሱማ ድሮም አለው። ከዚያ ሦስታችንም ከሰዓት በኋላ ሽርጥ አሸርጠን፣ እንደ ጋያ ሹማምንት ተሰልፈን መቀመጥ ጀመርን። የቀበሌው ሰው መጥቶ ሼፉ ሃይማኖት ለውጠው እንደ ሆነ ጠየቀ። ሼፉ በኩራት «ይሄ የሃይማኖት አይደለም፤ የትምባሆ ማዕረግ ነው» አሉት። ሰዎች እስከ ዛሬ ይጠይቁኛል፤ ያ ሽርጥ በምን ዓይነት አጫጫስ ነው የሚሰጠው እያሉ።

እንግዲህ ልናገረው። ማዕረግ አልነበረም። ለሦስተኛ ጊዜ ስስብ፣ በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ በሰው ግቢ፣ በጠራራ ፀሐይ ሱሪዬን አበላሽቻለሁ። ያጠቡልኝም እናቲቱ ናቸው።