የልብስ ሰፊው ኦኬ

የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ከእንግሊዝኛ የሚያውቃት አንድ ቃል ናት፤ «ኦኬ»። ሲያሳጥራት «ገባኝ»፣ ሲጎትታት «እንዳታስበው» ማለቱ ነው። ሁለቴ ካላት ደንበኛው ጨርቁን ሰብስቦ ይወጣል። ሲያሻማ የምትተረጉመው ሚስቱ ናት።

አንድ ቀን ጎረቤቱ መካኒክ ላብ በላብ ሆኖ ገባና፣ «ጋሼ፣ ልጅዎን ለማግባት ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አለ።

ሰፊው ስፒል እንደነከሰ «ኦኬ» አለ።

መካኒኩ ሊያቅፈው ሲነሳ ሚስትየው፣ «ቀስ በል ልጄ፣ ይቺ ‹እየሰማሁ ነው› ናት» ብላ አስቀመጠችው።

ሰፊው መካኒኩን ከላይ እስከ ታች አየውና ለስለስ ያለች «ኦኬ» ለቀቀ።

«ይቺንስ እኔም ሰምቻት አላውቅ» አለች ሚስቱ።

ሰፊው ስፒሉን ከአፉ አወጣ፤ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ የመካኒኩን ትከሻ መለካት ጀመረ።

«ቀጥ ብለህ ቁም። በዚህ ቱታ ልጄን አታገባትም።»