ለሲናር ማዳበሪያ የጠየቅሁ ጊዜ

ሮቤ ከተማ ኢኮኖሚክስ ማስተማር በጀመርኩ በስድስተኛው ዓመት ገበሬ ለመሆን ወሰንኩ። ባልደረቦቼ ደመወዝ አልበቃ ሲላቸው ባጃጅ ይገዙ ነበር፤ እኔ ግን ስለ ግብርና ይህን ያህል ሰሌዳ የሞላሁ ሰው ስንዴ እንዴት ያቅተኛል አልኩ። በጎባ መንገድ በኩል መሬት ካላቸው አንድ ሽማግሌ ጋር ተስማማሁ፤ መሬቱ የእሳቸው፣ ዘሩና ሥራው የእኔ፣ ምርቱ እኩል። ሰው ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው።

«ሥራው የእኔ» የሚለውን እንዴት እንደተረዳሁት እንጃ። ከተዘራ በኋላ ማሳው ላይ ብቅ የምለው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ያውም ፎቶ ለማንሳት ነበር።

ክረምቱ ሲገባ መንግሥት የሚደጉመው ዩሪያ ማዳበሪያ መጣ ተባለ። ወስዶ ገበያ የሚቸረችር ስላለ፣ የቀበሌው ኮሚቴ መጀመሪያ ማሳውን ማየት ነበረበት። ሐጂ ነገሩን ለእሳቸው እንድተውላቸው መከሩኝ። እኔ ግን ድጎማ ለእውነተኛ አምራች ብቻ ይሰጥ ብዬ የማስተምር ሰው ነኝና ራሴ ላስረዳ ብዬ ድርቅ አልኩ።

በቀጠሮው ቀን አዲስ ቦቲ ጫማ አድርጌ ከሐጂ ጋር ኮሚቴዎቹን ጠበቅኋቸው። ሦስት ነበሩ፤ ሰብሳቢዋ ራሳቸው ገበሬ የሆኑ ጎልማሳ ሴት ናቸው። «አካም ጅርቱ» አልኳቸው። ኦሮምኛዬ ከዚያ ስለማያልፍ ቀሪውን በአማርኛ፣ ክፍል ውስጥ እንደማስተምር አድርጌ ቀጠልኩ። ከዚያ በጣም ወደምኮራበት የማሳው ጥግ መራኋቸው። እዚያ ያለው ከሌላው ሁሉ ረዝሞና ለምልሞ ነበር።

«ያለ ዩሪያ እንዲህ የሆነ፣ ዩሪያ ቢያገኝ ምን ሊሆን እንደሚችል አስቡት» አልኩ።

ሁለቱ ወንዶች ፊታቸውን አዞሩ፣ ሐጂ መሬት መሬት ያያሉ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው አንዱን ነቀሉና ቅጠሉ ከአገዳው የሚገናኝበትን ቦታ አሳዩኝ።

«መምህር፣ ስንዴ እዚህ ጋ ትንሽ ጆሮ አላት። ይኼ አለው?»

የለውም ነበር።

«ሲናር ነው» አሉኝ ዝግ ብለው።

ሲናር ስንዴ መስሎ የሚያድግ አረም ነው። ወር ሙሉ ፎቶውን ለእናቴ ስልክላት የከረምኩት እሱን ነው።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ሐጂ ግን በኦሮምኛ ረዘም አድርገው ተናገሩልኝ። ምን እንዳሉ በኋላ ስጠይቃቸው «ሰነፍ ነው እንጂ ሌባ አይደለም አልኳቸው» አሉኝ። ያንን የመሰለ ጠበቃ አላጋጠመኝም።

ኮሚቴው ዩሪያውን በሐጂ ስም ፈቀደ፤ ሲናሩ በሙሉ ከተነቀለ በኋላ ግን። ሳምንቱን ከክፍል መልስ እየተንበረከክሁ የቅጠል ጆሮ ስፈልግ ሰነበትኩ። ሴትዮዋ ተመልሰው ሲመጡ የነቀልኩትን ክምር በእጃቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉና አንዲት የስንዴ ቡቃያ አወጡ።

«ይቺስ ምን በደለች?» ብለው ፈረሙልኝ።

ዩሪያውን የበተኑት ሐጂ ናቸው። እጄን ወደ ጆንያው ስሰድ «ተው፣ አንተ መያዙ ይበቃሃል» አሉኝ። ጆንያውን ይዤ ማሳውን ከዳር እስከ ዳር ተከተልኳቸው። ስንዴው በወቅቱ ደህና ታጨደ። እኩሌታውን ስወስድ ሐጂን ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ፤ ግን ወሰድኩ።