የደረሰበት ሰዓት

ደብረ ማርቆስ ባለው ቢሮ ውስጥ ፕሮግራመሩን የማይፈራ የለም። ኪቦርዱን አይነካውም፤ ይደበድበዋል። በሁለቱም ጉንጮቹ ላይ ነብር የቧጨረው የሚመስል ጠባሳ ቁልቁል ወርዷል። ሕሊና ሥራ በጀመረች ሰሞን የመጠጥ ቤት ጠብ ምልክት መስሏት ነበር።

ሥራቸው በየገጠሩ ጤና ጣቢያ ያሉትን የክትባት ማቀዝቀዣዎች ሙቀት በኮምፒውተር መከታተል ነው። እንደ ደብረ ኤልያስ ባለ ወረዳ ኔትወርክ ሲጠፋ ልኬቱ እዚያው ይጠራቀምና ኔትወርኩ ሲመለስ ግር ብሎ ይመጣል። ሰውየው ታዲያ ከእያንዳንዱ ልኬት ጋር የተለካበትን ሰዓት የምታያይዝ አንዲት መስመር ኮዱ ውስጥ ጽፏል።

ሕሊና ዛሬ ያቺን መስመር አጠፋቻት።

«ልኬቱ ሲደርስ ፕሮግራሙ ራሱ ሰዓት ይሰጠው የለ? ምን ያደርጋል ብዬ ነው» አለችው።

የሻይ ብርጭቆው በጆሮዋ ሥር ሽው ብሎ አለፈና ግድግዳው ላይ ደቀቀ።

«የደረሰበት አይደለም!» ብሎ ጮኸባት። «የሆነበት!»

ወዲያው ተንበርክኮ ስብርባሪውን በባዶ እጁ ይለቅም ጀመር። ደሙ መሬቱ ላይ ሲንጠባጠብ ልብ አላለውም።

«ወንድሜን አምበር ከተማ ላይ በጥይት ሲጥሉት እኔ እዚህ ሠርግ ቤት እስክስታ እመታ ነበር» አለ፣ ቀና ሳይል። «መርዶውን ያረዱኝ ከተቀበረ ከሰነበተ በኋላ ነው።»

በደማ ጣቱ ጉንጩን ዳሰሰ።

«ፊቴን በጥፍሬ ስነጭ ለወንድሙ አዘነ አሉ። ለወንድሜማ አልቅሻለሁ። ይሄ ለእስክስታው ነው።»