ለአሰልጣኜ የጻፍኩት ደብተር

አሰልጣኜን ዛሬም መንገድ ላይ ባገኛቸው አንቱ ነው የምላቸው። አፌ ለምዶ ነው እንጂ ልቤስ አንቱታውን ካነሳባቸው ቆይቷል።

በደርግ ጊዜ ሶቭየት ተልከው ቦክስ ማሰልጠን ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። አቃቂ አንድ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነበር የሚያሰለጥኑን። የምንደበድበው ከረጢት በፋብሪካ ብጣሽ ጨርቅ የተሞላ ነው። ውጪ ከባድ መኪና ጥሩምባውን ሲነፋ ቆጠራቸው አይሰማም፤ ቆጠራውም በሩሲያኛ ነው፦ «ራዝ፣ ድቫ! ራዝ፣ ድቫ!» ጓንት ያጠለቁልኝ ከሦስት ወር በኋላ ነው። ሦስት ወር ሙሉ እግር ብቻ! በጣት ጫፍ ወደፊት ዘለል፣ ወደኋላ መለስ፣ ገብቶ መውጣት። እርምጃውን «መወርወሪያ» ይሉታል፣ የሸማኔውን መወርወሪያ ማለታቸው ነው፤ ሩሲያውያኑም እንደዚያው ነው የሚጠሩት አሉን። እኔ ደግሞ ንዴታም ነኝ፤ እግሩ ቀርቶብኝ ቶሎ መማታት ነበር የምፈልገው። «ልጄ፣ የሚመቱሽ ቆመሽ ሲያገኙሽ ነው፤ አትቁሚ!» እያሉ አበረዱኝ። እውነታቸውን ነው፣ ይህንን አልክድም።

ሌላው ሕጋቸው ደብተር ነበር። እዚያ ሶቭየት እያንዳንዱ ቦክሰኛ ደብተር አለው አሉ። ጠዋት ከአልጋው ሳይነሳ የልብ ምቱን ቆጥሮ ይጽፋል፤ እንዴት እንዳደረ፣ ምን እንዳመመው፣ ምን እንደፈራም ይጽፋል። እኛንም አስጀመሩን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሩን ሰብስበው በየገጹ ቀይ ምልክት አድርገው ይመልሱልናል። ሌሎቹ ልጆች አንዱ ካንዱ እየገለበጡ ነበር የሚሰጡት። እኔ ሞኟ ሁሉንም ጻፍኩ። «ግራዬን ሁለቴ ከወረወርኩ በኋላ ቀኝ እጄ ከአገጬ ይወርዳል፣ በተለይ ሦስተኛው ዙር ላይ» ብዬ ጽፌያለሁ። ለእናቴ የማልነግራትን ሁሉ ለሳቸው ጻፍኩ። ሰው አገኘሁ ብዬ ነዋ!

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ አንድ ክለብ በእኔ ኪሎ አንዲት ሴት ሊቀጥር ነው ተባለ። ደሞዝ አለው፣ ወደ ብሔራዊ ቡድንም መንገድ ነው፤ ለእኔ ደግሞ ከምሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ፈረቃ መገላገያዬ ነበር። ተጣርተን ሁለት ቀረን፤ እኔና አንዲት የመሀል ከተማ ልጅ። ያሸነፈች ትቀጠራለች። ግጥሚያው ወር ሲቀረው አሰልጣኜን መሀል ከተማ ያለ ጂም ወሰዳቸው። አልተቀየምኩም፣ እንጀራቸው ነው። «ደብተሩን ግን እንዳታቋርጪ፣ ከሩቅም ቢሆን አይሻለሁ» ሲሉኝ እንባዬ መጣ። ሁለት ደብተር ነበረኝ፤ በየቅዳሜው ቃሊቲ ባቡሩ መነሻ ድረስ ሄጄ አንዱን አስረክቤ አንዱን እቀበላለሁ። የትኛው ጂም እንደገቡ እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

የግጥሚያው ቀን ሪንጉ ላይ ወጥቼ ዞር ስል፣ ከልጅቷ ጥግ ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው የቆሙት እሳቸው ናቸው። አንገታቸውን እንኳ አልነቀነቁልኝም። «ራዝ፣ ድቫ!» ይሏታል፣ እኔን ባሳደጉበት ድምፅ። ሁለት ዙር ቻልኳት። ሦስተኛው ላይ ግራዬን ሁለቴ ወረወርኩ። ልጅቷ ይህንን ነበር የምትጠብቀው። ከጎን የመጣ ቡጢ አገጬ ላይ አረፈና ተንበረከክኩ። ዳኛው ሲቆጥር የታየኝ ያንን ነገር የጻፍኩበት ገጽ ነው። ተነሳሁ፣ ዙሩን ጨረስኩ፣ ተሸነፍኩ።

ልጅቷ መጥታ አቀፈችኝ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ «አይዞሽ እህቴ፣ አባትሽንም እግዜር ያስፈታልሽ» አለችኝ።

ክው አልኩ። አባቴ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት መሆኑን ከእናቴና ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ለሰፈሩ ሞያሌ ለሥራ ሄዷል ነው ያልነው። ደብተሩ ላይ ግን ጽፌዋለሁ፤ እሁድ ጠይቄው ስመለስ፣ ሰኞ እግሬ እንደማይታዘዘኝ፣ ከረጢቱን እየመታሁ እንደማለቅስ።

ጓንቴን ሳላወልቅ ተከትያቸው ሮጥኩና ኮሪደሩ ላይ ደረስኩባቸው።

«ስለ እጄ ይንገሯት፣ እሺ፣ ቦክስ ነው። አባቴን ለምን? አባቴ ምን አደረገዎት?»

ግራ ገብቷቸው አዩኝ።

«ደብተሩን እንዳለ ነው የሰጠኋት። ተጋጣሚሽን አጥኚ አልኳት፤ ለማንም የምለው ነው» አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። «ቆይ እስቲ፣ አባትሽ ታስሯል እንዴ?»

ሦስት ዓመት ሙሉ ከጻፍኩላቸው አንድም ገጽ አላነበቡም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነበበችኝ ያቺ የመታችኝ ልጅ ብቻ ናት።