አምስተኛው እንጨት

በሩ አልዘጋ አለኝ። ጠዋት ደህና ሲከፈትና ሲዘጋ የነበረ በር፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ብገፋው ከላይ በኩል ጥጉ መቃኑን ነክሶ ቆመ፤ ከታች ደግሞ ድመት የሚያሳልፍ ክፍተት ተወ። ቀና ብዬ ባይ በሩ አይደለም የተጣመመው፤ መቃኑ ነው፣ ግድግዳው ነው። ጎንበስ ብዬ የምሰሶውን ሥር በጣቴ ብነካው ጭቃው ተፈረፈረና ውስጡ ያለው እንጨት እንደ ደረቀ ቂጣ በእጄ ላይ ቀረ። ምስጥ በልቶታል። ነፋሱ ከበረታ ቤቱ ይተኛል።

ጥፋቱ የኩራት ነው። ባለቤቴ «የክብረ መንግሥት ከተማ ዓይነት ቤት እሠራለሁ» ብሎ ባሕር ዛፉን ከደጋ በትሬንታ ኳትሮ መኪና አስጭኖ አስመጣ። የነገሌ ሽማግሌዎች፣ «ተው ልጄ፣ ጥድ ትከል፤ የኛ አገር ምስጥ ባሕር ዛፍ ሲያይ ሠርግ የተጠራ ይመስለዋል» ቢሉት ሳቀባቸው። አሁን እሱ ከብት ሊገዛ ፊልቱ ወርዷል፤ እኔ ከልጆቼና ከአማቴ ጋር ነኝ። አማቴ እግራቸው ተሰብሮ ወጌሻ በቀርከሃ አስሮ ካስተኛቸው ወዲህ ጎናቸውን እንኳ መገልበጥ አይችሉም። ልጆቹን «ወደ ሀሊማ ቤት ሩጡ!» ብዬ ሰደድኳቸው። ሀሊማ ግድግዳ ለግድግዳ የምንጎራበታት ባለሱቅ ናት፤ ቤቷ የጥድ ነው። አማቴን ግን ማን ያነሣቸዋል? ጥያቸውስ የት እሄዳለሁ? ከሊበን ሜዳ ቀይ አቧራ እንደ ግድግዳ ቆሞ እየመጣ ነበር።

ያን ጊዜ ከበሩ ጀርባ ለቆጥ ብለን ያቆምነው የጥድ ወራጅ ሸተተኝ። ዝናብ ሊመጣ ሲል የጥድ ሽታ ይበረታል። መምህር ደጀኔ ትዝ አሉኝ።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነበር የመጡት። ትምህርት ቤታችን አንድ ክፍል ናት፤ ቆርቆሮዋ በጥይት ተበሳስቶ ፀሐይ በየቀዳዳው ወለሉ ላይ ትንጠባጠባለች። መምህር ደጀኔ የጣሊያን ወታደር ካፖርት ይለብሱ ነበር፣ ቁልፎቹ አንዱ ካንዱ የማይመሳሰሉ። ኪሳቸው በጠመኔ ስብርባሪ የተሞላ ነው። ማስመሪያውንም ማዕዘን መለኪያውንም በቢላዋ ከጥድ ስለሚጠርቡ ሲያልፉ የጥድ ፍቅፋቂ ይሸታሉ። ገበያ መሃል ቆመው፣ «ይቺ ግመል አንገቷን በስንት ዲግሪ ነው የቀለሰችው?» ብለው ይጠይቁን ነበር። የከተማው ሰው «አቶ ማዕዘን» አላቸው። እሳቸው ግን ስሙን ወደዱት።

አንድ ቀን ከሻይ ካርቶን ሦስት ማዕዘን ቆረጡና ሦስቱንም ጥጎች ቀደው ጫፍ ለጫፍ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረደሯቸው። ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። «የራሳችሁን ሥሩ፣ ቀጭንም ወፍራምም ይሁን» አሉን። ሁላችንም ቀደድን፣ የሁላችንም ቀጥ አለ። ደስታው እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ። አባቴ የማያውቀውን፣ ቄሱም ሼኩም ያልነገሩኝን ነገር በእጄ ቀድጄ አገኘሁት!

በማግስቱ የእንጨት ክምርና ገመድ ይዘው ገቡና «እሰሩ» አሉ። ወንዶቹ እጃቸውን አጣጠፉ። በቦረና ጎጆ የምትሠራው ሴት ናት፤ ወንድ እንጨት ካሰረ ይሳቅበታል። አንዱ ተነሥቶ፣ «መምህር፣ ይሄ እኮ የሴት ሥራ ነው። እኛ ከብት ስጡን!» አለ። ክፍሉ ተንጫጫ።

መምህር ግን አልተቆጡም። «በሉ እንግዲያው ሴቶቹ ያስተምሩን። ዘነበች፣ ነይ።»

ወጣሁ። አራት እንጨት በአራት ጥግ አሰርኩና አቆምኩ። ያንኑ ባለከብት ጠሩና «ግፋው» አሉት። በአንድ ጣቱ ቢነካው እንደ ደከመች ግመል ተንጋዶ ተኛ። ልጁ ሳቀብኝ። ከዚያ መምህር አምስተኛ እንጨት ሰጡኝና «ከጥግ ወደ ጥግ፣ ሰያፉን» አሉኝ። አሰርኩ። ልጁ ገፋ። በትከሻው ገፋ። ፊቱ ቲማቲም እስኪመስል ገፋ። ንቅንቅ የለም!

«አራት ጎን ይዋሻል፤ ሦስት ጎን አይዋሽም» አሉ መምህር። «አምስት ጎንም፣ ስድስት ጎንም ቢመጣባችሁ አትፍሩት። ከጥግ ወደ ጥግ ክፈሉት፤ ሦስት ማዕዘን ሆኖ ይገባላችኋል።»

እኔ ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ተዳርኩ። እሳቸውም ወደ ቦሬ ተዛወሩ ተባለ፤ ሁለተኛ አላየኋቸውም።

ትዝታው ሲወራ ረጅም ነው፤ በራሴ ውስጥ ያለፈው ግን ዓይን ጨፍኖ የመግለጥ ያህል ነበር። ወራጁን ጎትቼ አነሣሁ። ለብቻዬ አልቻልኩም። ሀሊማ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ በዚያ አቧራ ውስጥ እየተጋፋች ገባች።

«የአልማዝ እናት፣ አብደሻል? ልጆቹ እያለቀሱ ነው፣ ነይ ውጪ!»

«እማማን ትቼ? ይልቅ ያን ጫፍ ያዢልኝ። ከላይኛው ጥግ ወደ ታችኛው ጥግ፣ በሰያፍ!»

ሀሊማ ግድግዳውን አየችው፣ ወራጁን አየችው። ጥያቄ አላበዛችም። የግመል መጫኛ ገመድ ከሱቋ አምጥታ ላይኛውን ጥግ እኔ፣ ታችኛውን እሷ ጠፈርነው። ጎጆ ስታስር ያደገች እጅ ናት፤ ቋጠሮዋን ጥርስ አይፈታውም። ቤቱ ይንቋቋል፣ ቆርቆሮው ይጮኻል። አማቴ ከአልጋቸው ሆነው፣ «ሁለት ሴቶች ቤት ሊያቆሙ! ወንድ ጠፋ በዚህ አገር?» አሉ።

«እማማ፣ እርስዎ ይጸልዩ፣ እኛ እንሰር» አለች ሀሊማ። «ነፋሱ እንደሆነ ወንድ ሴት አይመርጥም።»

በሌላኛው ግድግዳም የአልጋዬን ረጅም እንጨት ነቅለን እንደዚያው አሰርን። የመጨረሻውን ቋጠሮ ስስብ ነፋሱ ደረሰ። ከመንገዱ ማዶ የአንድ ቤት ቆርቆሮ ተገንጥሎ እንደ ወረቀት ሲበር በበሩ ክፍተት አየሁ። ቤታችን አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጭቃው በላያችን ረገፈ። አማቴ ላይ በደረቴ ተደፍቼ ግድግዳውን አየዋለሁ። ነፋሱ ይገፋል፣ በትከሻው ይገፋል። ወራጁ ንቅንቅ የለም! ዕንባዬ እየወረደ ስቄ ጮኽኩ፤ «ግፋ! ግፋ እንጂ!» አልኩት ነፋሱን። አማቴ ያበድኩ መስሏቸው አማተቡ።

ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ነፋሱም በረደ። ባለቤቴ ሲመለስ ምሰሶዎቹን በጥድ ተካቸው። ሰያፉን ወራጅ ሊያነሣው ሲል ግን፣ «እሱን የተዉልኝ መምህሬ ናቸው፣ አይነካም» አልኩት። ጭቃ ተመርጎበት እዚያው አለ።

የዚያን የነፋስ ዕለት ግን ሁሉ ሲበርድ ሀሊማ ሄዳ ልጆቼን አመጣችልኝ። ሁሉንም አንድ ላይ አቀፍኳቸው፤ ጭቃ ለብሰን ነበር።

«ናጋ?» አለች ሀሊማ ከደጃፉ ቆማ፣ እንደ አገሩ ሰላምታ ሰላም መሆናችንን ስትጠይቅ።

«ናጋ ነው» አልኳት። «ሁላችንም አለን። ድነናል።»