የሀዲጃ ወለድ አገድ

ዲላ ውስጥ ስለ ሀዲጃ የሚያወራ ሁሉ «ዕድለ ቢስ ሴት ነበረች» ይላል። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሀዲጃን የጎዳት ዕድል አይደለም፤ ሰው ነው። ስሙም ወንድይራድ ይባላል። አቶ ልለው አፌ እሺ አይለኝም።

ሀዲጃ ጎረቤቴ ነበረች። ከባሏ ጋር ከጉራጌ አገር መጥታ፣ ባሏ ሲሞት እዚሁ የቀረች ቅቤ ነጋዴ ናት። ከወናጎ ገበያ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ እያመጣች ትሸጣለች፤ እሷ ግን ቆጮዋን በደረቁ ነበር የምትበላው። ቅቤ ነጋዴዋ ቅቤ አትቀምስም እያልን እንስቅባት ነበር። የኪራይ ክፍል ሰልችቷት ነበር፤ ማንም ተነስቶ ውጪ የማይላትን ቤት ትመኛለች። ለዚያ ብላ በብዙ ዓመት ልፋት ስድሳ ጠገራ ብር አጠራቅማ ቀብራለች።

ጣሊያን ወደ ዲላ እየተቃረበ ነው በተባለ ጊዜ ወንድይራድ ቤቱን ለመሸጥ ደላላ ላከ። ከሰሜን የመጣ የመንግሥት ሰው ስለነበር ልጆቹን ይዞ ሊሸሽ ነው፤ የስንቅ እንኳ የለውም። ስድሳ ጠገራ አለ። ሰላም ቢሆን ኖሮ እጥፉን የሚያወጣ ቤት ነው። ሀዲጃ እሺ ብትል በዚያው ቀን የራሷ ይሆን ነበር።

እሷ ግን የተጨነቀን ሰው ቤት ጨርሶ መግዛት ነውር መሰላት። በወለድ አገድ ይሁን አለች። እሷ ስድሳውን ልታበድረው፣ እሱ ገንዘቧን እስኪመልስ ድረስ በቤቱ ያለ ኪራይ ልትኖርበት፣ እሱም ወለድ ላይከፍል ማለት ነው። ወንድይራድ እጇን ስሞ አለቀሰ። የሰፈራችን ሽማግሌ አቶ ገብረኪዳን ምስክር ሆኑ። ገንዘቡ በምን ይመለስ ብሎ የጠየቀ የለም፤ ያኔ በእኛ ገበያ ከጠገራ ሌላ ገንዘብ የሚያውቅ ማን ነበር? እኔ ሞኝ አልኳት። ሰውየው ሲመለስ የት እንዲገባ ነው ብላ ተቆጣችኝ።

ገባች። ጣሪያውን አዲስ ሣር አስከደነች፣ ጓሮውን እንሰት ተከለችበት። በሕይወቷ ስትስቅ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

በሁለተኛው ዓመት ወንድይራድ ተመለሰ። ከጣሊያን ጋር ታርቆ፣ የመንገድ ሥራ ላይ የሠራተኞች አለቃ ሆኖ ነበር። ሦስት መቶ ሊሬ በወረቀት ይዞ መጥቶ ቤቴን ልቀቂ አላት። በጣሊያን አዋጅ አንድ ጠገራ አምስት ሊሬ ነው። በገበያ ግን በዚያ ዋጋ ጠገራውን የሚሰጥ እብድ እንኳ አልነበረም።

ሀዲጃ ሽማግሌ ሰበሰበች። አቶ ገብረኪዳን መሐል ተቀመጡ። እውነቱን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን ሊሬ ከብር ያንሳል ብሎ በአደባባይ የተናገረ ይታሰራል፣ ይገረፋል።

«አቶ ገብረኪዳን፣ እርስዎ እዚያው ነበሩ። ምን ሰጠሁት?» አለች።

«ስድሳ።»

«ስድሳ ምን?»

ሽማግሌው መጀመሪያ ወንድይራድን፣ ቀጥለው መሬቱን አዩ። «ሕጉ ያለውን ተቀበዪ፣ ልጄ» አሉ።

እንሰቱን ነቅዬ ልውሰድ ብትል፣ ወንድይራድ በመሬቴ የበቀለ የኔ ነው ብሎ ከለከላት። የወረቀት ሊሬውን ይዛ ስመኝ ወደምትባል ሴት ጓዳ በኪራይ ገባች።

ወር ሳይሞላ ወንድይራድ ያንኑ ቤት ተሻለ ለሚባል ቡና ነጋዴ ሸጠው። በሊሬ አይምሰላችሁ፤ በጠገራ፣ ያውም ተደብቆ፣ በመቶ ሃያ። በጠገራ መገበያየት ተከልክሎ ነበርና፣ እንዲህ ያለውን ሽያጭ ጣሊያን ቢደርስበት ወንድይራድ ወህኒ ይወርዳል። እየሮጥኩ ሄጄ ነገርኳትና ተነሺ፣ ክሰሺው አልኳት። ረጋ ብላ ሰማችኝ።

«ልጆቹን ማን ያበላቸዋል?» አለች።

ያን ቀን ተጣላን። ብዙ ጊዜ አልተነጋገርንም።

ከሊሬው በጥቂቱ አህያ ገዛች፤ የቀረውን እንደገና ለቤት ብላ አስቀመጠችው። እንግሊዝ ሲገባ ሊሬ ዋጋ አጣ፤ ሱቆችም አንቀበልም አሏት። ከዚያ በኋላ ስለ ቤት ስታነሣ ሰምቼ አላውቅም። በስመኝ ጓዳ ኪራይ እየከፈለች አረጀች፣ እዚያው ሞተች።

ሬሳዋን ተሸክመን ስናልፍ የወንድይራድ ልጆች ከአባታቸው አዲስ ቤት ደጃፍ ቆመው ነበር። ትልቁ ሟቿ ማን ናት ብሎ ጠየቀኝ። ሀዲጃ ናት አልኩት። አላውቃትም አለና ወደ ቤቱ ገባ።